አረንጓዴ ዘይት ቀለም

ውብአየሁ ከወለሉ ስትነሳ ነጠላዋ ጀርባ ላይ መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ የቀለም ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። ፋና ከተቀመጠችበት አየችው። ባሏ ይኸነው ትናንት ከተቀበረ ወዲህ ሊያጽናናት የመጣ ሰው ሁሉ የሳሎኑን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ሲወጣም በጀርባው እየላጠ ይዞት ይሄዳል። በዚህ አያያዝ የእድሩ ዳኛ የይኸነው ቤት ቀለም እስከ ነገ እንጅባራን ሊያዳርስ ነው።

«እንዲያ ያለ ባል ሞቶ አንድ ዘለላ እንባ የላትም» አለች ውብአየሁ፣ በሩ ላይ ጫማዋን እየፈለገች፣ አብራት ለወጣችው ጎረቤት። ሹክ ማለቷ ነበር፤ የውብአየሁ ሹክሹክታ ግን አጥር ይሻገራል። «ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው እኮ ነው አያ ይኸነው። እሷ እቴ፣ ከቦታዋ እንኳ ንቅንቅ አላለች።»

ስለ ቦታው እውነቷን ነው። ሰው ሲመጣ ሁሉም ይቀያየራል፤ ፋና ግን መስኮቱ ሥር ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እዚያ ጋ ቀለሙ ቢላጥ የሚታየውን ታውቀዋለች።

ይኸነው ያስታርቅ የነበረው በዚሁ ክፍል ነው። ተጣልተው የመጡትን ፊት ለፊት ያስቀምጥና ባልየውን፣ «ሚስቱን የሚመታ ወንድ አይባልም» ብሎ ይገስጸዋል። ሰዎቹ ጉልበቱን ስመው ይወጣሉ። እሱ እስከ አጥሩ በር ይሸኛቸውና ተመልሶ በሩን ይቀረቅራል። ወጡ ጨው ከበዛበት፣ ወይም ፋና በሰው ፊት አንድ ቃል ከተነፈሰች፣ ያንበረክካትና ጸጉሯን ጨብጦ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። አንዴ አይደለም፣ ክንዱ እስኪዝል ነው።

መጀመሪያ ቤቱ ኖራ ነበር የተቀባው። ኖራ ደም ይጠጣል፣ ቢያጥቡትም አይለቅም። ይኸነው ዳንግላ ወርዶ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ቀለም ገዝቶ መጣና፣ «ይሄ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል» አላት። እውነትም ተጠረገ። የምትጠርገው እሷ ነበረች።

ዘይት ቀለም ግን ለጭቃ ቤት አይስማማም። አሸንዳው የተቀደደ ስለሆነ የእንጅባራ ዝናብ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ ቀለሙ ጭቃውን አፍኖ ውሃውን አያስወጣውም፣ ከዚያ ያብጥና ይላጣል። ፋና ምርጊት ከእናቷ የተማረች ሴት ናት። «አሸንዳው ይጠገን፣ አሮጌው ይፋቅ፣ ጭቃው ይድረቅ፣ ቀለም ከዚያ በኋላ ነው» ብላ ነግራዋለች። የነገረችው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለት ጥርሷን ያጣችው የዚያን ቀን ነው። ይኸነው በያመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሳይፍቅ በላዩ ይደርብበታል፤ በሰማያዊው ላይ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ አረንጓዴ። ሊደርብ ሲነሳ ደግሞ ደግ ነው። «ፋንዬ፣ ዘንድሮ የትኛው ቀለም ይሻልሻል?» ይላታል። እንዲህ ሲላት ትወደው ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ታፍርበታለች።

በሞተ ቀን አሸንዳውን ሊያበጅ እየተራገመ ጣሪያ ላይ ወጣ። እርጥቡ ቆርቆሮ አንሸራተተውና በጭንቅላቱ የመሠረቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ፋና ደርሳ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ደሙ ቀሚሷን አልፎ ገላዋን ሲያሞቀው፣ በልቧ እርጥቡን ጨርቅ የት እንዳስቀመጠችው ታስብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ለቀስተኛውን ሲበትነው፣ ልጇ ምንይችል አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዞ ገባ። ዳንግላ ባጃጅ ይነዳል፤ ለቀብሩ የመጣው ከሚስቱ ከትዕግስት ጋር ነው።

«ነገ ሰልስት ነው፣ የዳንግላ ሰው ሁሉ ይመጣል» አለ። «የአባቴ ቤት ቆዳው ተገፎ አይታይም። አንድ እጅ ላስነካው።»

ሀዘን ቤት ቀለም አይቀባም፤ ተዝካሩ ሳይወጣ ቤት ማሳመር ነውር ነው። ፋና አፏን ሳትከፍት ትዕግስት ቀደመቻት።

«ምኔ፣ ሰው ምን ይለናል? ደግሞ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ አይዝም።»

ምንይችል ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ሻሿን ከነጸጉሯ ጨብጦ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አላተመው።

ፋና ያንን ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ታውቀዋለች። ከውጭ ሆና ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳይደግማት ከበሩ ጀርባ ዶማውን አነሳች። ምንይችል ሲያያት ሚስቱን ለቀቀና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ዱላ እንደሚከለለው። ዶማው በጆሮው አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ነቅላ ደገመችው። አረንጓዴው ከነቢጫው፣ ከነሰማያዊው እየተገነጠለ ወረደ። መዳፏ ተልጦ ደማ፣ አላቆመችም። «ይሄው አባትህ» ትላለች በየምቱ፣ «ይሄው አባትህ።» መስኮቱ ሥር ስትደርስ ይኸነው ቀዳዳውን የደፈነበት ጀሶ በአንድ ቁራሽ ወደቀ። በቦታው ክብ ጎድጓዳ ቀረ፤ ጭቃው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ምንይችል ጎድጓዳውን በእጁ ዳሰሰው። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የኔ ራስ ነው።»

ከየት እንደመጣ እሱም ያውቀዋል። ልጅ እያለ ያንን ድምፅ ላለመስማት ጓሮ ወርዶ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠ።

«ስማኝ» አለች ፋና ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ያንን ቀለም ከቤቴ አውጣ። አሸንዳውን አብጅ። ጭቃው እስኪታይ ፋቅ፤ ጭድና ጭቃ አቡክተህ በእጅህ ምረግ። ከዚያ ይደርቃል።»

«መቼ ነው የሚደርቀው?»

«ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት ላይ። እስከዚያ ትዕግስት እኔ ዘንድ ናት። ያኔ እመለሳለሁ ካለች ትመለሳለች፤ አልመለስም ካለች ለብቻህ ዳንግላ ትገባለህ። ደግመህ እጅህን ብታነሳባት ዶማው አይስትህም።»

«ነገ ሰው ሲያየው ምን ይላል?»

«ሰውማ በጀርባው ተሸክሞት ሲወጣ ነው የዋለው።»

በማግስቱ ለቀስተኛው ገብቶ ራቁቱን የቀረውን ጭቃ አየ፣ ጎድጓዳውንም አየ። ውብአየሁ በአገውኛ የጀመረችውን ሙሾ መሀል ላይ ተወችው። ግድግዳውን የሚደገፍ ሰው ጠፋ። ከላይ ምንይችል አሸንዳውን በመዶሻ ሲመታ ይሰማል።

ፋና ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች፣ ጎድጓዳው እንዲታይ። ትዕግስት አጠገቧ ነበረች። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰዳት ዓይኗ ተከደነ፤ ራሷ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎድጓዳው ዘመም አለ።

ፋና እጇን ሰዳ መዳፏን በግድግዳውና በልጅቷ ጭንቅላት መሀል አስገባች። የትዕግስት ራስ ሙሉ ክብደቱን መዳፏ ላይ ጣለ። ያኔ የፋና እንባ መጣ። ለይኸነውም ነበር፣ እንዲህ ያለ እጅ ላላገኘው ለገዛ ጭንቅላቷም ነበር። ሰዎቹ አይዞሽ ሊሏት ሲነሱ በሌላኛው እጇ ቀስ በሉ አለቻቸው፣ ልጅቷ እንዳትነቃ።