የውስጡ ግድግዳ

ቤታቸው የስስ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ታማ አልጋ ላይ የዋለችው ሚስትም አብራ ትንቀጠቀጣለች። ባልየው አውቶቡስ በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የጎን ሽፋን ገጣሚ ነው። ዕድሜውን ለተሳፋሪ ጸጥታ ሲለፋ ኖሮ የገዛ ቤቱ እንዲህ መጮኹ ያሳፍረዋል።

የፋብሪካው መሐንዲስ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ድምፅ የሚውጥ ቀላል ሰሌዳ ሠርታለች። በክፈፍ ላይ የተወጠረ ስስ ጎማ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ብረት ተለጥፏል። ብረቱ ሲከብድ ወፍራሙን ድምፅ ያስቀራል፣ ሲቀል ቀጭኑን። የቀረው ሁሉ ያልፋል።

«ለከባድ መኪና የሚሆን አድርጊልኝ ልጄ» አላት።

«ጋሼ፣ ቤቱን አውቶቡስ ሊያደርጉት ነው?»

«መሪው ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሳቀች። ለመኪናው ወፍራም ድምፅ ከባድ ከባዱን ብረት ራሷ መዝና ሰጠችው። «በመንገዱ በኩል ብቻ ይግጠሙት» አለችው።

በመንገዱ በኩል ገጠመው። ጥቂት ሰሌዳ ተረፈው። ገጣሚ ሰው ሰሌዳ በእጁ ይዞ ባዶ ግድግዳ ማየት አይሆንለትም፤ የተረፈውን የሚስቱን መኝታ ከሳሎኑ በሚለየው ግድግዳ ላይ ደረደረው። የመዶሻዬም ድምፅ አይረብሻት ብሎ ነው።

«መንገዱን ዘጉት እንዴ?» አለች ሚስቱ ስትነቃ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ጎሽ። ካገባኸኝ ወዲህ አንድ ነገር ጨረስክ።»

ሕመሙ ጉሮሮዋን ይዞት ነበር። ቀጭኑ ድምጿ ቀስ በቀስ ወርዶ የወንድ ድምፅ መስሏል። ባልየው ይህን በየቀኑ ይሰማል፤ ከሰሌዳው ጋር ግን አላገናኘውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተኝታለች ብሎ፣ አቧራው እንዳይገባባት በሩን ገርበብ ሳይሆን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ሳሎን ተቀምጦ የወንበር እግር ይጠግን ጀመር። ከወዲያ የብርጭቆ ድምፅ ሰማ። ውኃ እየጠጣች ነው አለ በልቡ፤ ከፈለገችኝ ትጠራኛለች። ሥራውን ቀጠለ።

ጓሮ ሆና ትሠራ የነበረችው የሚስቱ እህት በጓሮው በር እየሮጠች ገባች። እሱ ተከትሏት ሲደርስ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተንከባሎ ውኃው ፈሷል፤ ሚስቱ አንድ እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሎ ዐርፋለች።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ሰው?» አለች እህቷ። «በጓሮው መስኮት እኔ እየሰማሁ፣ አንተ እዚሁ ተቀምጠህ! ስትጠራህ ነበር እኮ።»

ግድግዳውን አየ። የብርጭቆውን ቀጭን ድምፅ አሳልፎ የወረደውን ድምጿን ያስቀረው ሰሌዳው ነው።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ እህቷን ጠየቃት።

«ምን ብላ ነው የጠራችኝ?»

«አንተዬ እያለች።»

«ተቆጥታ ነው?»

እህቷ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አይ። ቀስ ብላ ነው። እየመጣህ እንደሆነ ያወቀች ነው የምትመስለው።»

ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር።