የሁለት ሰው ጾም

የኔአለም በዚያ ክረምት መቀመጥ አልሆነላትም። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጥና አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ብድግ ትላለች፤ የሱቋ በር ላይ ቆማ ዝናቡን ታያለች፤ ትመለሳለች፤ ስልኳን ታወጣለች። ስልኩ ላይ የምታየው ሰዓት ነው። ሰው ሰዓት የሚያየው ቀጠሮ ሲኖረው ነው፤ የእሷ ቀጠሮ ከምሳዋ ጋር ነበር። ስልኳ ውስጥ ያለ አንድ መተግበሪያ እህል ከቀመሰች ስንት ሰዓት እንደሆናት ይቆጥርላታል፤ አሥራ ስድስት ሲሞላ አረንጓዴ ያበራል። መጀመሪያ አሥራ ስድስቱ በቃኝ ብላ ነበር። ከዚያ አሥራ ስምንት አለች፤ ከዚያ ሃያ።

ለመክሳት ብቻ መስሏችሁ እንዳትፈርዱባት። የሦስት ልጅ እናት ብትሆን ኖሮ ውፍረቷ ማንን ይቆጨው ነበር? ከምስጋናው ጋር ከተጋቡ አምስት ዓመት ሆኗቸው ልጅ የለም። ምስጋናው ከማርቆስ ደምበጫ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ዝምታው ግን ከክፉ ቃል ይብስባታል። ከሱቋ ጎን ፀጉር የምትሠራው መሲ አንድ ቀን፣ «ስብ ማህፀን ይዘጋል ይላሉ። ይኸው ቴሌግራም ላይ አንዷ ሰዓት እየጠበቀች በልታ ሃያ ኪሎ ቀነሰችና መንታ ወለደች» አለቻት። የኔአለም ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልሰማችም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እሷም ጨነቃትና ቁርሷንና ምሳዋን ፈታች።

የጀመረችውስ መቼ ነው? ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ቄሱም ምእመኑም ሥጋ በሚቆርጥበት ወራት፣ እሷ ጾመኛ ሆና አረፈችው። ሲጠይቋት «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። የሰኔ ጾም ሲገባ እፎይ አለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። እንዲያውም ደንበኞቿ «እንዴት ያለች ጾመኛ ናት!» ማለት ጀመሩ። እሷም አላስተባበለችም። ለእግዚአብሔር ባልጾመችው ጾም መመስገኗ ውስጥ ውስጡን ያቃጥላታል፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ዝም አለች።

ከሳች፤ አሥራ አራት ኪሎ ቀነሰች። የደንበኛ ልክ የምትወስድበትን ሜትር ጠዋት ጠዋት በራሷ ወገብ ትጠመጥመዋለች። ሲያጥር ደስ ይላታል፤ ደስታው ግን እስከ ሦስት ሰዓት አይቆይም። ከዚያ እጇ ይበርዳል፣ ጣቷ መርፌውን ይስታል። ሌሊት ዓይኗ እንደፈጠጠ ይነጋል። መሲ ስትሠራት ፀጉሯ በሚዶው ላይ እየቀረ፣ «አንቺ፣ ይኼ ነገር ደኅና ነው?» አለቻት፤ ተቆጥታ ግማሹ ሳይሠራ ተነሥታ ሄደች። ምስጋናው ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ትጮኽበታለች፤ ወዲያው ደግሞ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። የወር አበባዋ በሰኔ ቀረ። በሐምሌም ቀረ።

ፋርማሲ ሄዳ የእርግዝና መመርመሪያ ትግዛ እንዳትሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስንቱን ገዝታ፣ ስንቱን አንድ መስመር አይታ ጥላለች! ሁለተኛ አልገዛም ብላ ምላለች። ካላየሁት ይኖራል፣ ካየሁት አይኖርም፤ ሐሳቧ ይኼ ነበር።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው አማቷ እማማ ጥላነሽ ፍልሰታን አብማ ማርያም ሊያስቀድሱ ከደብረ ኤልያስ የመጡት። እማማ ጥላነሽ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በጾም ወራት ሰዓት ሳይደርስ እህል ቀምሰው የማያውቁ፣ ምላሳቸው የማይምር፣ ዓይናቸው የማይስት ሴት ናቸው። በነሐሴ ሦስት ጠዋት የኔአለም ከአልጋ ስትነሣ ዓለም ዞረባት፤ ግድግዳ ይዛ ወጣችና ግቢ ውስጥ አጎንብሳ ባዶ ሆዷን አቅለሸለሻት። ቀና ስትል እማማ በር ላይ ቆመዋል።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«የምኑ?»

«ኤዲያ! እኔን ነው የምታታልይ? ሽንኩርት ሲቁላላ ትሸሻለሽ፤ ፊትሽ ገርጥቷል፤ ያለ ነገር ትቆጪያለሽ። አበባሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ወር» አለች የኔአለም። አልዋሸችም። ያልተናገረችው ግን ከተናገረችው ይበልጥ ነበር።

«እሰይ! እሰይ እመቤቴ!» እማማ ጥላነሽ ያን ጭቃ ግቢ ተንበርክከው ሳሙት። ተነሥተውም ጣታቸውን ቀሰሩባት፤ «ሦስት ወር ሳይሞላው ለማንም እንዳትተነፍሺ። የሰው ዓይን ክፉ ነው።» ይኼን ያሉት እማማ በዚያው ቀን ማታ ለምስጋናው፣ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ለንስሐ አባት ነገሩ። የንስሐ አባቱም «ነፍሰ ጡር ሰዓት አትጠብቅ። የጾም ምግብ ይሁን እንጂ በጊዜ ትብላ» ብለው ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተዉት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሱፍ ፍትፍት፤ ሦስት ሰዓት ላይ የተልባ ጭማቂ፤ ወደ ሱቅ ስትወጣ በፌስታል ዳቦ። «ለራስሽ አይደለም፤ ዋጭው!» ይሏታል እማማ ጥላነሽ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው መዋጧን እየጠበቁ። የኔአለም ስልኳ ላይ ያ አረንጓዴ ባለማብራቱ ነፍሷ ትጨነቃለች። ዳቦውን ሱቅ ወስዳ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ትደብቀዋለች። በሦስተኛው ቀን ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ከረጢቱን ፈታች፣ የሦስት ቀኑን ዳቦ ክሩን ከላዩ እያራገፈች በላችው። ጣፈጣት! ማመን የጀመረችው ያኔ ነው። ቢሆንስ? ለምን አይሆንም? ማታ ሜትሩን ስትጠመጥም ወገቧ የጣት ያህል ሰፍቷል፤ በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሩ ሲረዝም ደስ አላት።

ምስጋናውም ተለወጠ። እያፏጨ ይገባል። ከደምበጫ ማንጎ ይዞላት ይመጣል። አንድ ማታ የተኛች መስሎት መዳፉን ቀስ አድርጎ ሆዷ ላይ አሳረፈው። የኔአለም ትንፋሿን ይዛ ተኛች። ደስታ ነው እንዳትል ፍርሃት፣ ፍርሃት ነው እንዳትል ደስታ ሆነባት። ባይሆንስ? እስኪነጋ እንቅልፍ አልነበራትም።

በነሐሴ አሥራ ሁለት እማማ ጥላነሽ «ሂጂ ካርድ አውጪ። የዛሬ ልጆች ያለ ካርድ አትወልዱም» ብለው ገፍተው ሰደዷት። ከጭንቀቷ የተነሣ ጠዋት የቀረበላትን ሳትነካው ሄደች። ክሊኒክ ውስጥ ሲስተር ዘመናይ የምትባል ቀጠን ያለች ነርስ ሽንቷን አየች፤ ወደ አልትራሳውንድ ላከቻት፤ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ በሩን ዘጋችው።

«እርግዝና የለም፣ እህቴ። ማህፀንሽ ደኅና ነው፤ ግን ባዶ ነው።»

«ታዲያ አበባዬ የት ሄደ?»

ሲስተር ዘመናይ የዓይኗን ሽፋን ገልብጣ አየች፣ ጥፍሯን አየች። «መቼ መቼ ነው የምትበይው?»

የኔአለም ለመሲ እንኳ ሙሉውን ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻት፤ አሥራ ስድስቱን፣ ሃያውን፣ ፀጉሯን፣ ሌሊቱን። ነርሷ ሰምታ ሰምታ፣ «ስሚኝ» አለች። «ሰዓት ጠብቆ መብላት የሚስማማት ሴት አለች፤ አልክድም። አንቺ ግን አበዛሽው። በቀን አንዴ፣ ያውም ጥቂት! ሰውነትሽ አገሩ ሁሉ የተራበ መስሎታል። ለራሷ ያልበቃት ደግሞ ለልጅ ከየት አምጥታ? ደምሽም አንሷል። ብይ። ሦስት ወር እዪውና ካልተመለሰ ነይ፤ ሌላም የምንመረምረው ይኖራል።»

ወይ ጉድ! ልጅ ላግኝ ብላ የልጁን መንገድ በገዛ እጇ ስትዘጋ ከረመች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ አይደል? የኔአለም በዝናቡ ውስጥ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ሄደች። በእጇ ይዛዋለች፤ ትዝ አላላትም። አስፋልቱን ስትሻገር ባጃጅ ጮኸባት። መንገድ ላይ ነው ያ ቃል የመጣላት፤ ወረደብኝ። አንዲት ቃል ናት። ወረደብኝ ብትል ሁሉም ያዝንላታል፤ ምስጋናው ያቅፋታል፤ እማማም ያለቅሳሉ እንጂ አይቆጡም። እንዲያውም መፀነስ እንደምትችል ያስመሰክርላታል! መካን የሚላት አፍ ሁሉ ይዘጋል። ቃሏን እየደጋገመች፣ ፊቷን እያዘጋጀች፣ ሰባት ሰዓት ላይ ቤቷ ደረሰች።

እማማ ጥላነሽ ቅዳሴ ላይ መሆን ነበረባቸው። እሳቸው ግን መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ምነው እማማ? ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ። ከበር ስወጣ አዞረኝ። ተይው፣ ይለቀኛል። ካርዱን አወጣሽ?»

የኔአለም እጃቸውን ያዘችው። በረዶ ነው። ይህን ብርድ ታውቀዋለች። «ትናንት ምን በሉ?»

«ቆሎ።»

«ሌላስ?»

«ቆሎ እህል አይደለም እንዴ?» እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስትለምናቸው፣ ስትለምናቸው፣ በመጨረሻ በቁጣ አወጡት፦ «የኔ ጾም እስከ ዘጠኝ ነው። የአንቺን ጾምስ ማን ይጹመው? አባ ፈቀዱልሽ፤ ደግ አደረጉ። ግን የእመቤቴን ጾም ሜዳ ላይ ጥለን ከእመቤቴ ልጅ እንለምን? ያንቺንም ወሰድኩት። ቀን ሙሉ ውዬ ማታ አሥራ ሁለት ላይ አንድ እፍኝ እቀምሳለሁ። የሁለት ሰው ጾም ነው፤ ማንንም አልጎዳሁ።»

ዘጠኝ ቀን! ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የኔአለም ማታ ማታ ስትገባ «በልቻለሁ» ሲሏት አምና ስትተኛ ከርማለች። ያዘጋጀችው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ ወረደብኝ። ብትለው ደግሞ እኚህ ሴት ለሞተው ልጅ ነፍስ ብለው ጾሙን እስከ ጳጉሜን ይቀጥሉታል፤ ታውቃቸዋለች። እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ልጅ የለም።»

«ወረደ?»

«አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። አበባዬን ያስቀረው ረሃብ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ስጾም የነበረው ለእመቤቴ አይደለም፤ ለመክሳት ነው።»

እማማ ጥላነሽ ከየት ባመጡት ኃይል ተነሥተው ተቀመጡ። «ለስብ? ለስብ ጾምሽ? የሰኔውን ጾም ለስብ! እኔ ያንቺን ልጅ ብዬ አንጀቴ ሲታጠፍ፣ አንቺ ዘጠኝ ቀን ከእጄ እየበላሽ ዝም?»

«እውነት መሰለኝ!» ጮኸች የኔአለም። «እርስዎ ሲሉት እውነት መሰለኝ! ልጅ ፈልጌ ነው፣ እማማ። ስብ ማህፀን ይዘጋል ሲሉኝ አመንኩ። ልጅዎ ዝም ሲል ፈራሁ፤ እርስዎን ፈራሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኜ ነው እዚህ ቤት የኖርኩት!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እማማ ጥላነሽ ምን እንደሚያስቡ ፊታቸው አይናገርም። የኔአለም ልብሷን በየትኛው ሻንጣ እንደምትከት ታስብ ጀመር።

«ጠዋት ያቀረብኩልሽን በላሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልበላሁም።»

«ተነሽና ብይ።»

የኔአለም ጓዳ ገብታ እንጀራና ሽሮ በትሪ አቀረበች። ጠቅልላ ጎረሰች መሰላችሁ? ወደ እማማ አፍ ዘረጋችው።

«አብደሻል? ገና ሰባት ተኩል አልሆነም!»

«አውቃለሁ። እርስዎ ካልበሉ እኔም አልበላም።»

«ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን ልታስፈቺኝ?»

«የኔን ጾም ይመልሱልኝ፤ ዕዳው የኔ ነው። የርስዎ ደግሞ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ይኼን ብርድ አውቀዋለሁ እማማ፤ እጄ ላይ አራት ወር ኖሯል። ሲወድቁ ቁጭ ብዬ አላይም።»

ተፋጠጡ። ጉርሻው አየር ላይ ነው። የኔአለም ክንድ ዛለ፤ አላወረደችውም። እማማ ጥላነሽ በሩን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ደግሞ የምራታቸውን የከሳ ክንድ አዩት። እስከ ዛሬ እንዴት ሳላየው ቀረሁ የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ።

«ለአባ ማን ይናገራል?»

«እኔ።»

«አንቺማ ስንቱን ተናግረሽ ትጨርሺዋለሽ!» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። እየተቆጡ አኘኩ፤ እንባቸው እየወረደ አኘኩ። ውጠው ሲጨርሱ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙ፤ ከዚያ እሳቸውም ጠቅልለው አጎረሷት።

ሦስተኛውን ሳይጎርሱ የምስጋናው ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። ካርዱን ሊጠይቅ በምሳ ሰዓት መምጣቱ ነው። ፉጨቱ ግቢው ውስጥ ሲሰማ የኔአለም የጠቀለለችውን ትሪው ላይ መለሰችው። እማማ ጥላነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ትሪውን ወደ እሷ ገፉት።

«ለልጄ እኔ ነኝ የምነግረው» አሉ። «አንቺ ብይ፤ ገና አልጠገብሽም።»