ከኮርቻው ሥር የታሰረች ጨርቅ

አሮጊቷ አንድ ቀን ብትሳሳት፣ መንደሩ ዓይኖቿ ከነጭራሹ እንደ ጠፉ አድርጎ ቆጠረው። ብዙ ቀን የሚፈጀው ታላቁ የብስክሌት ውድድር የተጀመረ ዕለት ነው። ብስክሌተኞቹ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አደባባይ ሲዞሩ እንደ ተቀደደ ጆንያ ድንች መሬት ላይ ተዘረገፉ፤ እሷም «ልጄን ጨረሱት» ብላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሲጣራ ግን የወደቀው የልጅ ልጇ አልነበረም። ስሙን ማንም በቅጡ ሊጠራው ያልቻለ፣ የሌላ አገር ሰውዬ ነበር። በቃ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጣለ ብትላቸው እንኳ ደጅ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚያረጋግጡት። ስምም አወጡላት፤ «ዳኛዋ» አሏት።

«ዳኛዋ፣ ዛሬስ ማን ወደቀ?» ይላታል ጎረቤት ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ ገና በሩ ላይ ስትደርስ።

«ከፊቴ ዞር ካላልክ አንተ ነህ የምትወድቀው» ትለዋለች።

የሚያንገበግባት መሳሳቷ አይደለም። ያልተሳሳተ ማን አለ? ፀጉር ቆራጩ ጠዋት ጠዋት የሚያሸንፈውን ይናገራል፤ ማታ ደግሞ ሌላ ሰው ያሸንፋል። ጡረታ የወጣው መምህርም ካርታ እየዘረጋ የተነበየው አንዱም አልሰመረለትም። የእነሱ ስህተት ትንታኔ ይባላል። የእሷ ግን እርጅና።

የሚሰበሰቡት በልጇ ቤት ነው፤ ልጇ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጠባብ ክፍል ናት። ጎማና ቸርኬ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፣ ወለሉ በቅባት ጠቁሯል፣ ጥግ ላይ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ እየተነከረ አረፋው የሚታይበት የውሃ ሳፋ አለ። ቴሌቪዥኑ ከመፍቻ ሣጥኑ ላይ ጉብ ብሏል። የልጅ ልጇ እዚሁ ወለል ላይ የብስክሌት ካቴና እየጎተተ ዳዴ ያለ ነው። ሁሉም የሚያለከልክበትን ዳገት እሱ እያፏጨ ስለሚወጣ መንደሩ «ሽቅቤ» ይለዋል። ዛሬ ከትልልቆቹ ቡድኖች ባንዱ ውስጥ ይጋልባል።

ሥራው ግን ማሸነፍ አይደለም። ይህን ለማስረዳት መምህሩ ብዙ ደክሟል። ቡድኑ አንድ ካፒቴን አለው። የቀሩት ከፊቱ ሆነው ነፋስ ይከላከሉለታል፣ ከኋላ ከምትከተለው መኪና ውሃ ያመላልሱለታል፣ የሱ ብስክሌት ቢበላሽበት የራሳቸውን ይሰጡታል።

«ማለት አሽከር ነው» አለች አሮጊቷ።

«አሽከር አይባልም፣ እትዬ። አጋዥ ነው የሚባለው።»

«ውሃ የሚቀዳ፣ ሲሸነፉ የሚሰደብ፣ ሲያሸንፉ ፎቶ የማይነሳ። በእኔ ቤት ስሙ አሽከር ነው። በናንተ መጽሐፍ የተጻፈውን አላውቅም።»

ሌላው ጣጣ ሰውየውን መለየት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ጭንቅላታቸውን ሄልሜት ውስጥ ከትተው፣ ዓይናቸውን በጥቁር መነጽር ጋርደው ሲነጉዱ የወለደ እንኳ ልጁን አያውቅም። ስለዚህ ሽቅቤ ባለፈው ሲመጣ ከአሮጌ አረንጓዴ ቀሚሷ አንዲት ቅዳጅ ለመነና ከኮርቻው ሥር አሰራት። «እሷን ካየሽ እኔን አየሽኝ ማለት ነው፣ አያቴ» አላት። የቡድኑ ሰዎችም ስቀው ተዉለት። ከዚያ በኋላ ውድድሩን የሚከታተል ጠፋ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ጨርቅ ፈላጊ ሆነ። አንዱ «ያቻት» ካለ ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን በግማሽ ጺሙ ጥሎ ይሮጣል።

የተራራው ቀን ዝናብ ነበር። ብስክሌተኞቹ ከላይ የዝናብ ጃኬት ስለደረቡ ጀርባቸው ላይ ያለው ቁጥር አይታይም። ምራቷ፣ የሽቅቤ እናት፣ እንደወትሮዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ናት። ውድድሩን አይታ አታውቅም። «ሲያልቅ ንገሩኝ» ብላ ነው ጠዋት የምትወጣው።

ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ከፊት ካሉት አንዱ መታጠፊያው ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር ሲረግጥ ጎማው ከሥሩ ከዳው። ከኋላው ያሉት ፍሬን ያዙ፤ ፍሬኑ ግን እነሱን አልያዘም። እየተንሸራተቱ ተነባበሩ።

«ካፒቴኑ እዚያ ውስጥ ነበር» አለ መምህሩ። «እነ ሽቅቤም ከሱ ጋር ነበሩ።»

በሞተር ብስክሌት የሚሄደው ካሜራ በወደቁት አጠገብ አለፈ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የታየው። አንዱ ብስክሌት ለሁለት ተሰብሯል። አንዱ ሰውዬ ከመንገዱ ዳር ካለው የብረት አጥር ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ባንድ እግሩ ጫማ የለውም። አንዱን እጁን በሌላው ታቅፎ፣ የሰው ዕቃ በአደራ እንደ ተቀበለ ሰው ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ካሜራው ወደ ፊት ሄደ፤ ዛፍና ጭጋግ ብቻ ሆነ።

ልጇ የያዘውን መፍቻ እንደያዘ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ብስክሌት ጭጋጉን ሰንጥቆ ወጣ። ከኮርቻው ሥር የረጠበች አረንጓዴ ጨርቅ ትውለበለባለች።

«ያቻት» አለ ፀጉር ቆራጩ። ቤቱ ተናወጠ። ሰው ተቃቀፈ፣ ሳፋው ተደፋ፣ ልጇ ፊቱን በቅባታም እጁ አሸና ግንባሩ ጠቆረ።

አሮጊቷ አልተነሳችም። «እሱ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?» አለ ልጇ።

«ብስክሌቱ የሱ ነው። የተቀመጠበት ሌላ ሰው ነው።»

«ዳኛዋ ፈረዱ» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ቤቱም ሳቀ።

«እትዬ፣ ጨርቋ እኮ ትታያለች» አለ መምህሩ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ።

«ጨርቅ ልጅ አይሆንም። ትከሻውን እየው፤ እንደ ዳክዬ ይወዛወዛል። የእኔ ልጅ ዳገት ሲወጣ እንኳ ትከሻው ላይ ብርጭቆ ብታስቀምጥ አይፈስም። ልጄ እዚያ ብረቱ ሥር ቁጭ ብሏል።»

«ወድቆ ስለተጎዳ ይሆናላ የሚወዛወዘው» አለ መምህሩ። እውነትም ሊሆን ይችል ነበር፤ እሷም ለአንድ አፍታ ልታምነው ሞከረች። አልሆነላትም።

ልጇ አያት፣ ከዚያ ጨርቋን አያት። «እማዬ፣ የመጀመሪያውም ቀን እንዲሁ ብለሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ክፋት አልነበረበትም። ያመናት እንደሆነ ልጁ የት እንዳለ መጠየቅ ሊኖርበት ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚያ ጥያቄ አቅም አልነበረውም። ይህ ገባት። ስለገባትም ልትሰድበው አልቻለችም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ጨርቁ መሪዎቹ ላይ ደረሰባቸው። ወሬው ከቤት ወጥቶ መንገድ ተሻገረ። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሴትዮዋ መጥታ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እማማ» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ሌሎችም ሳሟት። እሷ ጉንጯን ሰጠች። ልጅሽ መንገድ ላይ ተዘርሮ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሉሽ ምን ይመለሳል? «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች ላንዷ፣ አፏ ለምዶባት፤ ወዲያው ምላሷን መንከስ አማራት።

ተነስታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ጋረዱን።»

«ወደ ኋላ መልስልኝ» አለችው መምህሩን።

«ቀጥታ ስርጭት ነው፤ አይመለስም።»

«ካሜራ የያዘው ሰውዬ አንገት የለውም? ዞር ብሎ ማየት ያቅተዋል?»

«ካሜራው መሪዎቹን ነው የሚከተለው።»

«የወደቀውንስ ማን ይከተለዋል?»

ልጇ ክንዷን ይዞ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። ተቀመጠች። ሌላ ምን ታደርጋለች? እጇን ብትዘረጋ የምታገኘው መስታወት ነው።

የመጨረሻው ዳገት ሥር ሲደርሱ ዝናቡ አባራ። ባለ ጨርቁ የዝናብ ጃኬቱን እየጋለበ አወለቀና ወደ መንገድ ዳር ወረወረ። ጀርባው ላይ ቁጥሩ ወጣ። አሮጊቷ ቁጥር አታነብም። የመምህሩን ፊት ግን አነበበች።

«ካፒቴኑ ነው» አለ መምህሩ።

ፀጉር ቆራጩ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። «ታዲያ ሽቅቤ የት አለ?»

«ብስክሌቱን ሰጥቶታል። የካፒቴኑ ሳይሆን አይቀርም የተሰበረው። ልካቸው አንድ ነው፣ ሽቅቤ ራሱ ነግሮኛል።» መምህሩ ይህን ሲያወራ ቴሌቪዥኑን እንጂ ማንንም አያይም። «ዘጋቢዎቹ ስሙን አንድ ጊዜ ጠርተውታል። ታማኝ አጋዥ አሉት።»

«የት ነው ያለው አሉ?»

«እሱን አላሉም።»

ማንም «ዳኛዋ» አላላትም። አምነዋት ቁጭ አሉ፤ እሷ ግን ከጓዳዋ ያለውን ሁሉ ሰጥታ ዛሬም ተሳስታ ብትገኝ በወደደች። ዕድሜ ልኳን ቢስቁባት ምን ቸገራት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ ባንዲራ እያውለበለበ ከካፒቴኑ ጎን ይሮጣል። የአረንጓዴ ቀሚሷ ቅዳጅም አብራ ሽቅብ ትወጣለች፤ የልጅ ልጇን ጥላው።

ልጇ ስልኩን አወጣ። ጣቱ ቅባት ስለሆነ ስልኩ እሺ አላለውም፤ ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና ሞከረ። የሽቅቤ ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ሲጋልብ ስልኩን አውቶቡስ ውስጥ ትቶት ነው የሚወጣው። ቀጥሎ፣ ምናልባት ካስፈለገ ብሎ ሽቅቤ የሰጠውን፣ በምትከተለዋ መኪና የሚሄደውን የቡድኑን ረዳት ቁጥር ደወለ። ያ ሰው የእነሱን ቋንቋ ስለማይሰማ ስልኩን የውጭ ቋንቋ ለሚችለው ለመምህሩ ሰጠው። ከስልኩ የወጣ የመኪና ጥሩንባና ጩኸት ቤቱን ሞላው።

«ካፒቴኑ ደህና ነው ይላል» አለ መምህሩ።

«ማን ጠየቀው?» አለች አሮጊቷ።

መምህሩ እንደገና ተናገረ፣ እንደገና አዳመጠ። «ልጃችሁ ጀግና ነው ይላል። ብስክሌቱን በገዛ እጁ ነው ያቀበለው።»

«ቆሞ ነው ወይስ ቁጭ ብሎ?»

መምህሩ ጠየቀ። «አላየሁም ይላል። መኪናዋ ካፒቴኑን ተከትላ ሄደች። ሐኪሞች ይደርሱለታል አለ።»

«ደርሰውለታል ወይስ ይደርሱለታል?»

«ይደርሱለታል።»

ልጇ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። የስልኩ ድምፅ ጮክ ብሎ የሆነ ነገር አለ። መምህሩ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከልሎ፣ «ልዝጋው ነው የሚለው። የመጨረሻው ዳገት ስለሆነ ካፒቴኑ ይፈልገኛል አለ» አላት።

አሮጊቷ ተነስታ የመምህሩን እጅ ከነስልኩ ያዘች።

«አይዘጋም። እኔ የምልህን ሳታሳምር፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ንገርልኝ። ስለ ብስክሌቱ የጠየቀህ የለም በለው። ስለ ጀግናም የጠየቀህ የለም። መኪናህን አዙር በለው። ካፒቴንህ እግር አለው፣ ብስክሌት አለው፣ ያ ሁሉ ሕዝብም እየሮጠለት ነው። እዚያ ብረት ሥር የተቀመጠው ግን ማንም የለውም። ሂድና አጠገቡ ቁጭ በል፤ ይህን ስልክ ጆሮው ላይ አድርግለትና ያናግረኝ። እስኪያናግረኝ ከዚህ ስልክ ላይ አልነሳም። ንገረው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?»