ላባ የጣለች ዳክዬ

ዳክዬዋ ለሦስተኛ ጊዜ አመለጠቻት። ውሃው እስከ ወገቧ ደርሷል፤ ሸምበቆው ክንዷን ልጦታል። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው።

"አንቺም እንደ አለቆቼ ልትጫወቺብኝ ነው?" አለች ቆጣሪዋ ጥርሷን ነክሳ።

ዳክዬዋ አልበረረችም። ላባ በሌለው ክንፏ ውሃውን እየመታች ወደ ሸምበቆው ጥግ ሸሸች። ሴትዮዋ ሹራቧን አውልቃ እንደ መረብ ዘረጋችና ከነሹራቡ በላይዋ ላይ ወደቀች። ጭቃ ዋጠች፤ ተነሣች፤ ተፋች።

"ይኸው!" አለች የምትንፈራገጠውን ጥቅል ደረቷ ላይ አጥብቃ። "ይኸው፣ የለችም የተባለችው!"

አሥራ ስምንት ዓመት በዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ስትሠራ ሥራዋ አንድ ነው፤ የረግረጉን ወፎች መቁጠር። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ቆጣሪዋ ነው የሚሏት። ለየአሥሩ ወፍ አንድ ባቄላ ከቀኝ ኪሷ ወደ ግራ ኪሷ ታሻግራለች፤ ስትጨርስ የባቄላውን ልክ ቅጹ ላይ ትሞላለች። ተሳስታ አታውቅም አይባልም። ሳታይ ጽፋ ግን አታውቅም።

በየዓመቱ በዚህ ወር የሚሆነውንም ታውቃለች። የዱር ዳክዬ የክንፏን ትልልቅ ላባ በአንድ ጊዜ ትጥላለች። አዲሱ እስኪያድግ አንድ ወር ያህል መብረር አትችልም፤ ስለዚህ ሸምበቆ ውስጥ ገብታ፣ ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ረግረጉ ባዶ ነው። ውስጡ የገባ ግን በየእርምጃው ዳክዬ ይረግጣል።

ትናንት ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት በሹክሹክታ አሳየቻት። "በረግረጉ ላይ በተደረገው ጥናት አንድም የዱር ዳክዬ አልተገኘም፤ ወፎቹ አካባቢውን ለቀው ሄደዋል" ይላል። ከሥሩ የሥነ ምህዳር ባለሙያው የዶክተሩ ፊርማ አለ። በዚህ ወረቀት ምክንያት ሰኞ ገልባጭ መኪኖች መጥተው አፈር ይደፋሉ፤ በላዩ ላይ መጋዘን ይሠራል። ዳክዬዎቹም መብረር ስለማይችሉ ባሉበት ይቀበራሉ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ለምናው ነበር። "ተዉት አላልኩም፤ አንድ ወር ብቻ። ላባቸው ይደግ። ከዚያ ብትደፉትም ይበራሉ።"

እሱም ሳቀባት። "ወፍ ላባ እስክታበቅል መኪና ይቁም? ነገ ደግሞ እንቁራሪቷ ጥርስ እስክታወጣ ጠብቁ በዪና!"

ሌሊቱን ሙሉ ያ ሳቅ ነው ጆሮዋ ውስጥ ያደረው።

ልብስ ልትቀይር ቤት ስትገባ ባሏ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ግንበኛ ነበር፤ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ቤቱን የምታቆመው እሷ ናት። በሹራቡ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን አየና፦

"የምትታረድ ናት?" አላት።

"የምታረደውስ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ወፍ መያዝ ክልክል ነው እኮ። ሰውን ስትከሺ የኖርሽው አንቺው ነሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ከሥራ ያባርሩሻል።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"የማታውቂው ነገር ምንድን ነው ታዲያ?"

"ዝም ማለት" አለችና በሩን ከኋላዋ ደርግማው ወጣች።

ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ሥራ አስኪያጁና ዶክተሩ የረግረጉን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራሉ። ሳታንኳኳ ገባች። ሹራቡን ካርታው መሐል አስቀምጣ ፈታችው።

ዳክዬዋ አንድ ጊዜ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ሮጠች። የሻይ ብርጭቆ ደፋች፣ በቀዩ መስመር ላይ ኩሷን ጣለች፣ ክንፏን አርገበገበችና ከጠረጴዛው ጫፍ እንደ ድንጋይ ወለሉ ላይ ወደቀች።

"ምንድን ነው ይሄ?" ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

"የለም ያላችሁት ነዋ!" ጎንበስ ብላ ዳክዬዋን አነሣች፤ ጎኗን አየች፤ ደህና ናት። ክንፏን ዘርግታ ዶክተሩ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። "አንተ ንገራቸው። እኔ መሃይም ነኝ።"

ዶክተሩ ክንፉን አየ። አሮጌው ላባ ከረገፈበት አዲሱ እንደ መርፌ ብቅ ብቅ ብሏል። አንገቱን ደፋ።

ይህ ሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ተማሪ ሆኖ ሲመጣ፣ "ዳክዬዎቹ ጠፉ" ብሎ ለመምህሩ ሊጽፍ ነበር። እጁን ይዛ ሸምበቆ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ያን ዕለት ላባ የሌላትን ዳክዬ አይቶ እንደ ሕፃን አጨብጭቧል። ዶክተር የተባለውም በእነዚሁ ዳክዬዎች ላይ በጻፈው ነው። አለማወቁ ቢሆን ኖሮ ንዴቷ እንዲህ ባልሆነ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

"ስንት ሰዓት ላይ ቆጠርክ?" አለችው።

"እትዬ፣ በመመሪያው መሠረት ነው የተሠራው። ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ አሥር አሥር ደቂቃ ማየት ነው። አላየሁም፤ ያንኑ ጻፍኩ።"

"በእኩለ ቀን፣ ከመኪና ሳትወርድ! ሾፌሩ ነግሮኛል። ደግሞስ 'አላየሁም' ብለህ መች ጻፍክ? 'ሄደዋል' ነው ያልከው። በምናቸው ነው የሄዱት? በታክሲ?"

"እኔ ባልፈርም ሌላ ሰው ይፈርማል፣ እትዬ።"

"ይፈርማ! የሱ እጅ ይቆሽሽ ነበር። አንተ ምን ቤት ነህና ትፈርማለህ?"

"በቃ!" ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። "ማን ነው ይህችን ወፍ የያዛት?"

"እኔ።"

"የዱር ወፍ የያዘ ሠራተኛ ይከሰሳል፤ ከሥራም ይሰናበታል። አታውቂም? አምና ሁለት ሰው ያስከሰስሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ሦስት ናቸው" አለች።

"ጥሩ፤ አንቺ አራተኛ ነሽ።" ወደ በሩ ጮኸ። "ጸሐፊ! የክስ ቅጹን አምጪ። ዛሬውኑ ይለቅልኝ!" ከዚያ ስልኩ ጠራና እያወራ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዶክተሩ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"እትዬ፣ እባክሽ ስሚኝ። መንገድ ላይ ወድቃ አገኘኋት በዪ። ያኔ መያዝ አይባልም፤ ማዳን ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጡሻል። እኔም እመሰክርልሻለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"መንገድ ላይ ስታነሺያት አየሁ እላለሁ።"

ቆጣሪዋ ፊቱን አየችው። ያልነበረበትን አየሁ ሊል ነው፤ ያለውን ደግሞ አላየሁም ብሏል። ባሏ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ትዝ አላት፤ ለጡረታዋ ሁለት ዓመት እንደቀራትም። አንድ ቃል ብትል ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ሰኞም ገልባጮቹ ይመጣሉ።  ክንዷን አስለቅቃ ዳክዬዋን እንደታቀፈች ተመልሳ ገባች።

ጸሐፊዋ ቅጹን በሦስት ቅጂ ዘርግታ ጠበቀቻት። አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለተከሳሽ። ይህን ቅጽ ቆጣሪዋ በሌሎች ላይ ስንት ጊዜ አስሞልታዋለች፤ እያንዳንዱ መስመር በቃሏ ነው።

"የእንስሳው ዓይነት?"

"የዱር ዳክዬ።"

"የተያዘበት ቦታ?" የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። ዶክተሩ ከበሩ ሥር ጭንቅላቱን ነቀነቀላት፤ መንገድ ላይ በዪ ማለቱ ነው።

"ረግረጉ ውስጥ" አለች ቆጣሪዋ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። "ሦስተኛው ክፍል፣ ከሸምበቆው መሐል። ዛሬ ጠዋት።"

"የእንስሳው ሁኔታ?"

"የክንፍ ላባዋን የጣለች። መብረር የማትችል።"

"በቦታው የታዩ ሌሎች እንስሳት?"

"ስልሳ አራት ዳክዬ፤ ዛሬ ጠዋት ገብቼ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም እንደሷው። ዜሮም ሰረዝም እንዳታደርጊበት፤ ስልሳ አራት ብለሽ በፊደል ጻፊ።"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። የገባት መሰለ፤ ከንፈሯን ነክሳ በፊደልም በቁጥርም ጻፈችው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በትከሻው እንደደገፈ መጣ። ሴትዮዋን ለማባረር ቸኩሏልና ሦስቱንም ሳያነብ ፈረመ፤ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ሦስቴ ቀጠቀጠ።

ዶክተሩ ግን አንብቧል። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ ከፈረምሽ ጥፋተኛ ነሽ" አለ። "ሥራሽም አበቃ። አሁንም ቦታውን ማስተካከል ይቻላል።"

"ለኔ ነው የምታስበው ወይስ ለወረቀትህ?"



እስክሪብቶውን ተቀበለች። እጇ ላይ የደረቀው ጭቃ ወረቀቱ ላይ ተፈረፈረ። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ በትልልቁ በሦስቱም ላይ ጻፈች። ከዚያ የፖሊሱን ቅጂና የራሷን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ዳክዬዋን በሹራቡ ጠቀለለች።

"የፖሊሱን ወዴት ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘግቶ። "ሰኞ ተላላኪው ያደርሰዋል።"

"ሰኞ አይሆንም። በሕይወት የተያዘ እንስሳ በዕለቱ፣ ፖሊስ ባለበት፣ ወደተያዘበት ቦታ ይመለሳል። ከቅጹ ጀርባ አለ፤ ያንብቡት።"

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ቅጂ አነሣ። ከፊት ገጿ ነው የጀመረው፤ "ስልሳ አራት" የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ፤ ከሥሩ የራሱ ፊርማና ማኅተም አለ።

ቆጣሪዋ አልጠበቀችውም። በሩ ላይ ደርሳ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

"ለፖሊስ ጣቢያው ደውዪልኝ፣ እቴ። ወፍ የያዘችው ሴትዮ ራሷ እየመጣች ነው በያቸው። ደግሞ ውሃ የማያስገባ ጫማ ያድርጉ፤ ሸምበቆው ውስጥ ነው የምንገባው።"