ለኒልዳ የተለቀቀ ቦታ

ኤቤር የመጀመሪያውን የብቻ አልበሙን የቀዳው ሞንቴቪዲዮ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለችው ስቱዲዮዬ ነው። ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም የተጫወተው ራሱ ነው። የዘፈነውም ራሱ ነው። ለዓመታት አብራው ስትዘፍን የኖረችው ኒልዳ፣ ቡድናቸው ሲፈርስ ባርሴሎና ሄዳ እዚያው ቀርታለች።

ሦስተኛው ዘፈን አስቸገረን። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ኤቤር ጊታሩን ዝቅ ያደርግና ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ለጥቂት ምቶች ቦታው ባዶ ይሆናል። ደጋግመን ቀዳን፤ ደጋግሞ ወደ ኋላ አለ።

«እዚህ ጋ ለምንድን ነው የምታቆመው?» አልኩት።

«የት አቆምኩ?»

አሰማሁት። ቴርሞሱን በብብቱ ሸጉጦ አዳመጠ፤ በእጁ የያዘው የማቴ ሻይ ቀዘቀዘ።

«የኒልዳ ቦታ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ደውልላት። እዚያው ቀድታ ትላክልን።»

«አልበሙ የብቻዬ ነው፣ ወፍሬ።»

«የብቻህ ከሆነ ለማን ነው ቦታ የምትለቀው?»

«አንተ ቦርጭህን ይዘህ የማሽንህን ቁልፍ ንካ» አለኝ። ቴርሞሱን አስቀመጠና፣ «እሷ ካልገባችበት ግን ይሄ ዘፈን ይቅር።»

በማግስቱ ከሰዓት ደወለላት። «ምንም እንዳትነግራት፤ ስትሰማው ራሷ ታውቀዋለች» ብሎኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ፊት ያዘው፤ እኔም ዘፈኑን ለቀቅኩት። ኒልዳ እራት እየሠራች ነበር፤ የሰሃን ኳኳታ ይሰማል። ባዶው ቦታ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ስልኩ ተጠጋን። ኳኳታው አልቆመም።

«ደስ ይላል፣ ኤቤርዬ» አለች ሲያልቅ። «መሃል ላይ ግን ሳሳ ብሏል። ጊታር ብትጨምርበትስ? አንተ እኮ ሁልጊዜ ትቆጠባለህ።»

«እጨምርበታለሁ» አላት። ስለ ልጇ ጠየቃት፤ ስለ ብርዱም። ከዚያ ተሰናበታት።

ገብቶ ጊታሩን አነሳ። በዚህኛው ቀረጻ ወደ ኋላ አላለም። አጭር ዜማ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ወጣለት። መልሼ አጫወትኩት። ያምራል፤ ክፍተቱ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም።

«ተገላገልን» አልኩት።

መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

«አሁን የጨመርኩትን ጊታር ዝጋውና» አለ፣ «አንዴ ብቻ አሰማኝ።»