ያልታረመች ፊደል

መምህርት ጥሩዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ሲያስተምሩ ስህተት ሰምተው ዝም ያሉበት ቀን አልነበረም። ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የታክሲ ረዳቱን፣ የወረዳ ጸሐፊዋን፣ ድንኳን ውስጥ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነበውን ሰው ሳይቀር ያርሙ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሚታረም ሰው ጠፋና ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ቤታቸው ተቀምጠው ከሬዲዮኑ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ስለዚህ ሀምዲያ «እትዬ ጥሩዬ፣ አንድ ቻይና አማርኛ የሚያስተምረኝ ፈልጊልኝ ብሎኛል፤ ያስተምሩታል?» ስትላቸው ለወጉ ያህል አቅማሙ እንጂ በልባቸው ወዲያው እሺ ብለዋል።

ሀምዲያ ካዛንቺስ ውስጥ ቁርስ ቤት አላት። ፊት ለፊቷ የነበረው ሰፈር ፈርሶ፣ አሁን አንድ የቻይና ኩባንያና አንድ የአገር ውስጥ ባለሀብት በሽርክና ረጅም ሕንጻ ያቆሙበታል። በቆርቆሮ አጥሩ ላይ የሁለቱ አገሮች ባንዲራና የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተስለዋል፤ ከሥሩ «ወዳጅነታችን ይለምልም» ይላል። የሀምዲያ ቁርስ ቤትና ከጎኗ ያሉት አምስት ስድስት ቤቶች ሳይነኩ ቀርተዋል። እስከ መቼ እንደሚቆዩ ግን የነገራቸው የለም።

ተማሪው ሊን ይባላል። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ፀሐይ ያጠቆረው ቀጭን መሐንዲስ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይዞ ይጠብቃቸዋል፤ ሲገቡ ብድግ ብሎ «ላውሺ» ይላቸዋል። በአገሩ ቋንቋ መምህር ማለት መሆኑን ሲነግራቸው ደስ አላቸው። በሁለት ዓመት የግንባታ ሥራ የለቃቀማት አማርኛ «ቶሎ ቶሎ» እና «ሲሚንቶ አምጣ» ከማለት ብዙም አታልፍም ነበር፤ ግን ጭንቅላቱ ፈጣን ነው፤ ፊደሉን በሦስት ሳምንት ጨረሰ።

ያሳሰባቸው የሚጠይቃቸው ቃላት ናቸው። ሰላምታ አስተምረውት ወደ ገበያ ሊያልፉ ሲሉ እሱ ደብተሩን ገልጦ «ላውሺ፣ ፊርማ ምንድነው?» አለ። በማግሥቱ «ምስክር»። ከዚያ «ካሳ»፣ «አስገደደ»፣ «ይዞ ሄደ»። ለምን እንደፈለጋቸው ሲጠይቁት ፈገግ ብሎ «ሥራ፣ ሥራ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ደግሞ የኩባንያው አስተርጓሚ ዮአብ ማኪያቶ ሊጠጣ ብቅ ባለ ቁጥር ደብተሩን ይከድናል። አንድ ቀን እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለዮአብ አትንገሩ፣ እኔ የምማረው» አላቸው።

«እኔ የምለው፣ እትዬ ጥሩዬ» አለች ሀምዲያ እሱ ከወጣ በኋላ፣ ብርጭቆ እያነሳች። «ቋንቋ ለመማር ብሎ ከሆነ፣ ማለቴ፣ ቲማቲም ስንት ነው ነበር የሚለው። ፊርማና ካሳ ምን ይሠራለታል? ትናንት የኛን ቤቶች ፎቶ ሲያነሳ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ሕንጻውን ይሆናል ያነሳው።»

«ጀርባውን ለሕንጻው ሰጥቶ? በቃ፣ የነዚህን ቤቶች ሽማግሌዎች በቋንቋቸው አባብሎ እንዲለቁ ሊያስፈርማቸው ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

መምህርት ጥሩዬ «ተይ እንጂ» አሉ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን ሲያብላሉት የሀምዲያ ቃል እየከበዳቸው ሄደ። ደህና ሐሳብ ያለው ሰው ከራሱ አስተርጓሚ ምን ይደብቃል?

ሐሙስ ዕለት ሊን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ትልቅ ሰው አለ። ሽማግሌ። በጣም አዝኗል። እኔ ምን እላለሁ? ልረዳው እፈልጋለሁ።»

የሚያዝን ሽማግሌ ማን ነው? ቤቱ የሚፈርስበት ነዋ፤ እንዲህ ነበር ወዲያው ያሰቡት። ቢሆንም መምህር ናቸውና መለሱለት። «ምን ላድርግልዎ፣ ትላለህ።»

«ምን ላድርግዎ» አለ ሊን።

«ል»ን ዋጣት። «ላድርግልዎ» የሚል ሰው እጁን ለእርዳታ የዘረጋ ነው፤ «ላድርግዎ» የሚል ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ ጀርባውን የሚሰጥ። መምህርት ጥሩዬ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ሀምዲያን አዩ፤ ድስቷን እያማሰለች ትኩር ብላ ታያቸዋለች።

«ምን ላድርግዎ። ልክ ነው፣ ላውሺ?»

«ጎበዝ» አሉ።

ሦስት ጊዜ ደጋገመው። እሳቸው ደግሞ ሻይ ጠጡበት። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዶ እንዲህ ሲል ማንነቱን ይወቁት፣ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ግን ቤታቸው ገብተው ሬዲዮኑን ሲከፍቱ ጋዜጠኛው ሁለት ቦታ ሲሳሳት ለማረም አፋቸው አልታዘዝ አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊን ትምህርት አልፈለገም። «ላውሺ፣ ዛሬ ከኔ ጋር ይምጡ» አለ። የት እንደሚሄዱ አልተናገረም። ምስክር ሊያደርገኝ ነው፣ አሉ በሆዳቸው። ለመቅረት አሰቡ፤ ከዚያ ግን ነገሩን በዓይኔ ልየውና ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ።

መኪናው ወደ ተረፉት ቤቶች አልሄደም። በስታዲየም በኩል ወርዶ ቄራ ገባና አንድ የተጨናነቀ ግቢ በር ላይ ቆመ። ግቢው ተከራይ የሞላበት ነው። ከግቢው መጨረሻ ባለችው ክፍል አንድ ወጣት ግራ እግሩ እስከ ጭኑ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተጋድሟል። አባዲ ይባላል፤ ሕንጻው ላይ ብረት የሚያስር ፌራዮ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል። አባቱ አቦይ ሃድጉ ሊያስታምሙት ከአዲግራት መጥተው አልጋው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

ሊን ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ከሐሙስ ጀምሮ የተለማመደውን ቃል በሁለት እጁ እንደሚያቀርብ ሆኖ ተናገረ።

«አቦይ፣ ምን ላድርግዎ?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ምን ላድርግዎ አልከኝ? ልጄን ከፎቅ ጥለህ፣ ሕክምናውን አቋርጠህ፣ እቤቴ ድረስ መጥተህ ምን ላድርግዎ? ውጣ!»

ዱላቸውን አነሡ። አባዲ «አቦይ፣ ተው!» እያለ ከአልጋው ሊነሣ ሲሞክር በሕመም ጮኸ። የግቢው ሰው በር ላይ ተሰበሰበ። ሊን አልሸሸም፤ ዞሮ መምህርቷን አያቸው። ደብተሩ በመዳፉ ላይ እንደተገለጠ ነው። መምህርት ጥሩዬ ራሳቸው ያስተማሩትን ቃላት በእሱ ጠማማ ጽሕፈት አነበቡ፤ «አባዲን አስገድዶ አስፈረመ። እኔ ምስክር ነኝ። ካሳ ይገባዋል።»



«አቦይ፣ ይቁሙ!» አሉ በሽማግሌውና በሊን መሐል ገብተው። «የሱ ጥፋት አይደለም። የኔ ነው። ምን ላድርግልዎ ነው ሊል የፈለገው። ሲሳሳት ሰምቻለሁ፤ ጎበዝ ብዬ ነው ያለፍኩት።»

«ለምን?» አሉ አቦይ ሃድጉ።

«ጠርጥሬው።»

ሊን ሁሉንም ባይረዳም «ጎበዝ» የምትለዋን ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ነገር መጣ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ መናገር ጀመረ፤ እሳቸውም ቃል ሲያጣ ያቀብሉት ነበር።

አባዲ ሲወድቅ ቆሞበት የነበረውን መወጣጫ ያቆመው የዮአብ ወንድም መሆኑን ነገራቸው። ከአደጋው በኋላ ዮአብ አንድ ወረቀት ወደ ቢሮ ይዞ መጣ፤ አባዲ በራሱ ስህተት እንደወደቀ፣ ሕክምና እንደማይፈልግና ወደ አገሩ እንደሚመለስ ይላል፤ ከሥሩ የአባዲ ፊርማ አለ።

«ሕክምናው እንዲቀጥልልህ ነው ብሎኝ ነው የፈረምኩት!» አለ አባዲ። «ያኔ መድኃኒት አደንዝዞኝ ነበር፤ መቼ አነበብኩት?»

«አለቆቼ አመኑ» አለ ሊን። «ማመን ቀላል ነው። እኔ መወጣጫው ተሰብሮ አየሁ። ፎቶ አለኝ። ፊርማው በግድ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ማንን እጠይቃለሁ? አስተርጓሚው እሱ ነው።»

አቦይ ሃድጉ ዱላቸውን አላስቀመጡም። «አንተም የነሱ ሰው ነህ። ዛሬ ያልከውን ነገ አላልኩም ብትልስ? ጻፈው። በአማርኛ ጻፍና ፈርም።»

ሊን ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። መምህርት ጥሩዬ ቃል በቃል አስጻፉት። ሲጨርስ ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉና ማንበብ ስለማይችሉ ዙሪያውን አዩ። መምህርቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«እርስዎ ይቆዩ» አሉ አቦይ ሃድጉ። «ቡዜ! ነይማ፣ ያለውን አንብቢልኝ።»

የቤቱ አከራይ ቡዜ ከበሩ ላይ ካለው ሰው መሐል ወጥታ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ አነበበች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ወረቀት ያረሙት ሴት የራሳቸው ወረቀት ሲታረም ቆመው ሰሙ።

ነገሩ እንደ ተረት ቶሎ አልተፈታም። ወረቀቱና ፎቶዎቹ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሄዱ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ አባዲ ሆስፒታል ተመልሶ ተኝቶ እግሩ እንደገና ተሠራ፤ ካሳውም ተፈቀደለት። ዮአብ ከሥራው ጠፋ፤ አንዳንዱ ተባረረ ይላል፣ አንዳንዱ ሌላ ኩባንያ ገባ ይላል።

ሊን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ጥጓን ይዞ ነበር። መምህርት ጥሩዬ ሲገቡ ተነሣ፤ «ላውሺ» ግን አላለም።

«ሌላ ስንት ስህተት ቃል አለ?» አላቸው።

«አንድ ብቻ። ያቺው ናት። በእግዚአብሔር ስም እልሃለሁ።»

አልተከራከራቸውም። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጦ ሀምዲያን ጠራትና ቃላቱን አንድ በአንድ ያነብላት ጀመር። እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ልክ ነው» ትላለች። «እሱም ልክ ነው።» መምህርቷን ለማየት አፍራ ዓይኗን ደብተሩ ላይ ተክላለች። ያን ቀን የቀረበላቸው ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ከሁለት ወር በኋላ ሊን ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ። ዕድገት ይሁን ቅጣት ማንም አልነገራቸውም። ሀምዲያ «ቅጣት ነው፣ ምን ጥያቄ አለው» ትላለች፤ ቤቶቹን ለምን ፎቶ እንዳነሳ ግን እስከ ዛሬ ይከነክናታል።

መምህርት ጥሩዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዘው ቄራ ይወርዳሉ። አባዲ በክራንች ግቢ ውስጥ ይመላለሳል። አቦይ ሃድጉ ዱካቸውን ለቀውላቸው እሳቸው ደፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ያጫውቷቸዋል። ከሆስፒታል ወይም ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ ሲኖር ግን ለእሳቸው አይሰጧቸውም፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ይከቱና ቡዜ ከሥራ እስክትመጣ ይጠብቃሉ።