ከአንሶላው ስር

ቤዛዊት ልጇ ሊዲያ ከአሜሪካኖቹ የሃሎዊን በዓል እንዳትቀር፣ አፅምና ደም የተቀባ ነገርም ቤቷ እንዳይገባ ስትል ጨዋታውን ራሷ ፈጠረችው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሪችፊልድ በሚኖሩበት አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ፣ ጎረቤቶቿን ከነልጆቻቸው ሰበሰበች። መብራቱ ይደበዝዛል፤ አንዱ ነጭ አንሶላ ተከናንቦ ጎስት፣ የሙት መንፈስ፣ ይሆንና እንደ አንዱ ጎረቤት አስመስሎ ይናገራል። ሌሎቹ የማን ጎስት እንደሆነ ይገምታሉ። ትልቅ ትንሽ አይባልም።

ጨዋታው ካሰበችው በላይ ሞቀ። ሊዲያ የአውቶቡስ ሹፌሩን የጋሽ ፍቅሬን ጉሮሮ መጥረግ ስታስመስል፣ እሳቸው ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ልጆቹ ተራው የቤዛዊት ነው አሉ።

በዚህ መሀል ከሚሪያ ሳምቡሳ ልታመጣ ወደ ቤቷ ወጥታ ነበር። ከሚሪያ በራቸው ፊት ለፊት የሚገጥም ጎረቤታቸው ናት። ቤዛዊት ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል የጠዋት ሺፍት ስላላት፣ ሊዲያን ከራሷ ልጅ ከኢብሲቱ ጋር በመኪናዋ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ካደገች በኋላ ነው። ቤዛዊት ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ የከሚሪያን አነጋገር ብዙ ጊዜ አስመስላ ስለምታውቅ አፏ ለምዶት ነበር። ሌላ ሰው ለማሰብ እንኳን አልሞከረችም።

"ሊዲያ፣ ጃኬትህን ለበስክ? ቶሎ ና፣ መኪናው ሞቋል" አለች ከአንሶላው ስር፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች፣ የሚላላውን እያጠበቀች።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲያደፋፍራት ደገመችው፤ አስረዘመችው። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። እያሰቡ ነው ብላ በዚያው አነጋገር የማን ጎስት እንደሆነች ጠየቀቻቸው።

"የእማዬ" አለች ኢብሲቱ በእንግሊዝኛ፣ በቀጭን ድምፅ።

ቤዛዊት ከአንሶላው ጠርዝ በታች የከሚሪያን ረጅም ቀሚስ አየች። አንሶላውን መግፈፍ አቃታት። የራሷ ትንፋሽ ፊቷን እያቃጠላት ቆመች። በመጨረሻ ሊዲያ ናት የሳበችላት። ከሚሪያ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የልጇን ዚፕ እየዘጋች ነበር። ሳይቀዘቅዝ ብሉ አለቻቸውና ልጇን ይዛ ወጣች። ጋሽ ፍቅሬ መሬት መሬቱን እያዩ፣ እኛም ስቀናል፣ አሉ። ሳምቡሳውን የነካ አልነበረም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤዛዊት የከሚሪያን በር አንኳኳች። ከሚሪያ አልከለከለቻትም፤ ቦታ ሰጠቻት። ቤዛዊት ጨዋታ እኮ ነው ብላ ጀመረችና ቃሉ ለራሷም አስጠላት። ተወችው። ይቅርታ አድርጊልኝ አለቻት። ከሚሪያ ችግር የለም ብላ መለሰች፣ በእንግሊዝኛ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ አውርተው አያውቁም።

"እባክሽ በአማርኛ አናግሪኝ" አለቻት ቤዛዊት።

"አማርኛ ልናገር ስል የምሰማው ያንቺን ድምፅ ነው" አለች ከሚሪያ፤ ይህንንም በእንግሊዝኛ።

ኢብሲቱ ከጓዳ ወጥታ ታያቸዋለች። ቤዛዊት ወደ እሷ ዞራ፣ እናትሽ ምንም የሚያሳፍር ነገር የላትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለቻት። ልጅቷ አሰብ አደረገችና፣ እኛ በሌለንበትም እንደዛ ታደርጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

መዋሸት ትችል ነበር። ከሚሪያም ትዋሻለች ብላ የጠበቀች ይመስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አዎ" አለች ቤዛዊት። "ብዙ ጊዜ።"

ከሚሪያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችላትና ተሰናበተቻት፤ አልተቆጣችም።

ሰኞ ጠዋት ቤዛዊት ሊዲያን እንደወትሮው እስከ ከሚሪያ በር አደረሰቻት። ከሚሪያ ጉድ ሞርኒንግ ብላ የሊዲያን ቦርሳ ተቀበለች፤ ልጆቹንም ሌትስ ጎ አለቻቸው። እንግሊዝኛዋ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ሦስቱ ሊፍቱ ጋ ቆሙ። ቤዛዊት አብራቸው መቆም ስላልቻለች በደረጃው ወረደች።